የጭስ መውጫ ለአባባ ደገፋ ቤት

ድሬስደን፣ ምሥራቅ ጀርመን
ጥቅምት 4 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለእትዬ ሙሉሰው፣

አንቺ፣ ባለቤትሽ የአጎቴ ልጅ ሞልቱ፣ ትንሿ ልጃችሁ ገዲሴ፣ ከሁላችሁም በላይ አባዬ ክረምቱን እንዴት ወጣችሁት? መስቀሉስ እንዴት አለፈ? እኔ ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ከመክረሙ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ትምህርቱም እየሄደልኝ ነው፤ አሁን የፈትል ማሽን ራሴ ፈትቼ ራሴ እገጥማለሁ።

አዲስ ነገር ብነግርሽ፣ ከተማሪዎች ማደሪያ ወጥቻለሁ። ቦታ ስለጠበበ ለሦስት ሴቶች ከከተማው ዳር ካለ አሮጌ ፎቅ ውስጥ አንድ ክፍል ሰጡን። ጎረቤታችን ፍራው (ወይዘሮ ማለት ነው) ሌማን የሚባሉ ባልቴት ናቸው። እዚህ ክረምት የሚሉት የእኛን ዝናብ አይደለም፤ በረዶውን ነው። የእኛ ሰው ፀሐይ ሲወጣለት እነሱ ለብርድ ይሰናዳሉ። ማደሪያው ሳለን ሙቀቱ በቱቦ ይመጣልን ስለነበር ከየት እንደሚመጣ አስቤም አላውቅም። እዚህ ግን በየክፍሉ ጥግ፣ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ፣ በሚያብረቀርቅ ሸክላ የተለበጠ ምድጃ ቆሟል። ካላነደድሽው አይታደርም።

ባለፈው ሳምንት ከባድ መኪና መጥቶ ከሰሉን በራችን ላይ ገለበጠው። ከመሬት ተቆፍሮ እንደ ጡብ የተጠፈጠፈ ነው። ሰፈሩ በሙሉ በባልዲ ወደ ምድር ቤት ሲያመላልስ ዋለ፤ እኛም አብረን። በማግሥቱ የጭስ መውጫ ጠራጊው ጣራ ላይ ወጥቶ ብረት የታሰረበት ገመድ ወደ ውስጥ ለቀቀ፤ ስንት ባልዲ ጥላሸት ወጣ መሰለሽ! ከዚያ ፍራው ሌማን የምድጃውን በር ከፍተው ሻማ አስጠጉበት። ነበልባሉ ወደ ውስጥ ተሳበ። «ካልሳበ እንዳታነጂ» አሉኝ።

ለበንቲ ደጋግሜ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። ወንድሜ ብዕር መያዝ እንደሚያስጠላው አውቃለሁ። ግን አንድ መስመር አያቅተውም፤ ንገሪልኝ።

የመካኒሳው አቦ ከነቤታችሁ ይጠብቋችሁ።

ደራርቱ ደገፋ

*

ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእህቴ ለደራርቱ፣

ሰላምታዬ በየብስም በባሕርም አልፎ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ሁላችንም አለን። ገዲሴ ጥርሷን እየቀየረች ነው፤ ሲስቁባት አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፖስታው መንገድ ላይ ተቀዶ ኖሮ በሙጫ ተለጥፎ ነው የደረሰው፤ ውስጡ ግን ምንም አልጎደለም።

ያንን የከሰል ነገር ለአባባ ደገፋ አነበብኩላቸው። «እነሱም ይበርዳቸዋል ማለት ነው?» ብለው ገረማቸው። ብርዱን ካነሣን፣ የምታውቂው ጎጆ የለም። ነሐሴ ላይ ምሰሶው በስብሶ ወደቀ። ሰው አልነካም፤ ማድቤቱን ግን ግማሹን ይዞት ሄደ። ሞልቱ ከሚሠራበት ዱቄት ፋብሪካ ተበድሮ አጠገቡ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ መስኮቱም መስተዋት። ቆርቆሮውን ከመንገድ ሆኖ የሚያየው ሰው ሁሉ እንዲያደንቅለት ይፈልጋል።

አባትሽ ግን ቤቱን አልወደዱትም። ጎጆው ውስጥ መሐል ላይ እሳት ነድዶ ጭሱ በሣሩ እያለፈ ይወጣ ነበር። እዚህ እንጨት ብናነድ ጭሱ መውጫ አጥቶ ሁላችንንም አስለቀሰን። ስለዚህ በማንደጃ ከሰል እናደርግላቸዋለን። ሌትና ቀን ከአጠገባቸው አይለይም። ሳል ይዟቸዋል፤ ሲሚንቶው አጥንቴ ውስጥ ገባ ይላሉ።

በንቲ ሥራ ላይ ነው። ሲመቸው ይጽፍልሻል።

ገንዘብ እንዳትልኪ፤ ለራስሽ ያስፈልግሻል። ከተገኘ ለአባባ አንድ ወፍራም ሹራብ ይሻላል። የምትመለሽው በሚመጣው ዓመት ነው ብለሽ ነበር፤ ወሩን ብታሳውቂን አባትሽ ደስ ይላቸዋል።

እንግዲህ በሰላም ያገናኘን።

ሙሉሰው

*

ድሬስደን
የካቲት 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእትዬ ሙሉሰው፣

ለሁላችሁም የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሹራቡን በመርከብ በሚሄደው ጥቅል ልኬዋለሁ፤ ይዘገያል።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ከአእምሮዬ ያልወጣ ነገር አለ። ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የጭስ ቱቦው መክደኛ አለው፤ ከሰሉ ነድዶ ሳያልቅ ከዘጋሽው ሙቀቱ ይቀራል፣ መርዙም አብሮ ይቀራል። ሰውየው ሙቀቱ እንዳይባክን ብለው ቶሎ ዘጉት። ጠዋት በር ሲሰበር አልጋቸው ላይ ተገኙ። ፊታቸው ቀይ ነበር፤ የሞተ ሰው አይመስሉም ነበር። መርዙ ሽታ የለውም፤ አይታይም፤ አያስነጥስም።

የአባዬ ማንደጃ ደግሞ ጭራሽ ቱቦ የለውም። በጎጆው ጊዜ አየሩ በሣሩ ይገባ ይወጣ ነበር። ሲሚንቶና መስተዋት ግን ሌላ ነገር ነው። እባካችሁ ከመኝታ በፊት ማንደጃውን ወደ ውጭ አውጡት። ይህ ብቻውን ይበቃል።

ለክረምቱ ደግሞ በዚህ ወረቀት ጀርባ የሣልኩትን ተመልከቱ። ግማሽ በርሜል፣ ከፊቱ የላሜራ በር፣ ከበሩ ሥር የአየር ቀዳዳ፣ ከላይ በጣራ የሚወጣ ቱቦ። ቱቦው ከጣራው ጫፍ ከፍ ካላለ ነፋስ ጭሱን ይመልሰዋል። ሰኔ ሳይገባ ቢሠራ ጥሩ ነው።

በንቲ ምን ዓይነት ሥራ ላይ ነው? ከላፍቶ ርቋል እንዴ?

ደራርቱ

*

ላፍቶ
ሚያዝያ 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለደራርቱ፣

ከመጪው የፋሲካ በዓል ጋር ሰላምታችን ይድረስሽ። ሹራቡ ደረሰ። አባትሽ ለብሰውት አቦ ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ «ከልጄ ነው» ሳይሉት ያለፉት ሰው የለም።

ሥዕልሽን መካኒሳ ላለው በያጅ ለሰዒድ አሳየሁት። ገለባበጠና «ይሄማ ቀላል ነው፤ በርሜሉን አምጡልኝ እንጂ» አለኝ። ችግሩ ቤታችን ውስጥ ነው። ለሞልቱ ነገርኩት።

«ጣራው ይበሳል ነው የምትይኝ?»

«ቱቦው ሊያልፍ የሚችለው በዚያ ነው።»

«ዕዳው ገና ያልተከፈለ ቆርቆሮ! ይልቅ ራሴን ብሱኝ» ብሎ ወጥቶ ሄደ።

አባባም አልተስማሙም። «እሳቴን ብረት ውስጥ አትቀብሩብኝም» አሉ። ማታ ወደ ውጭ እናውጣው ስላቸውም፣ ማንደጃውን በእግራቸው ወደ መደባቸው አስጠጉት። ዝናቡ እስኪበረታ ድረስ በሩን ገርበብ እያደረግን እንተኛለን።

ከዚህ በላይ ልጫናቸው አልቻልኩም። በንቲ ቢኖር ኖሮ ምናልባት ይሰሙት ነበር።

የምትመጪበትን ወር አልጻፍሽልኝም። ረስተሽው ይሆናል።

ሙሉሰው

*

ድሬስደን
ሰኔ 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእትዬ ሙሉሰው፣

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

አባዬን አውቀዋለሁ። ግትር ሰው አይደለም፤ ምክንያቱ ከገባው ይቀበላል። አንድ ማንደጃ ከክፍሉ ማውጣት ምኑ ከበደው? የምትነግሪኝ ነገር ጎዶሎ ነው።

ደግሞ «በንቲ ቢኖር ኖሮ» ብለሻል። የት ሄዶ ነው የሌለው?

ዝናቡ ደርሷል። መልስሽን እጠብቃለሁ።

ደራርቱ

*

ላፍቶ
ሐምሌ 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእህቴ ለደራርቱ፣

እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናው፤ ከዚያ በኋላ አንብቢው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ጸሐይወርቅ የምትባል የመካኒሳ ልጅ ናት፤ እዚያው ለትምህርት ነው የምትመጣው። በእጅ ስለሆነ እንደልቤ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ፣ እዚህ ቤት ያለነው ሁላችንም በሕይወት አለን። በዚህ ወር መጀመሪያ ዝናቡ ከነፋስ ጋር ሲበረታ የመስኮቱንና የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ጠቀጠቅነው። ገዲሴ አያቷን ላሙቅ ብላ ከእሳቸው ጋር ነበር የምትተኛው። ጠዋት አልተነሡም። ገብቼ ሳይ አባባ ከመደቡ ወድቀው ሲሚንቶው ላይ ተዘርረዋል፤ ልጄ አስታውካ አንገቷ አይቆምም። ጩኸቴን ሰምቶ ሞልቱ ሁለቱንም ተራ በተራ አቅፎ ወጣና ጭቃው ላይ፣ ዝናቡ ውስጥ አስተኛቸው። ያንቺ ደብዳቤ ባይኖር ቤት ውስጥ ሸፍነን ጠበል እንረጭ ነበር። ገዲሴ ቶሎ ዓይኗን ገለጠች። አባባ ግን ቆዩ። ክሊኒክ ወሰድናቸው፤ ሐኪሙም ያንቺኑ ቃል ደገመልን።

አሁን የጎደለውን ልንገርሽ። አንቺ በሄድሽ በአራተኛው ወር፣ አምና ጥር ላይ፣ ገበሬ ማኅበሩ ለሚሊሺያ ሰው ሲያወጣ በንቲ ወጣ። ወደ ሰሜን ሄደ። ያን ጠዋት ከጎጆው እሳት ዳር ተነሥቶ ነው የሄደው። አባትሽ «ይህ እሳት ልጄ እስኪመለስ አይጠፋም» አሉ። ጎጆው ሲወድቅ እንኳ ፍሙን በገል ይዘው ነው ወደዚህ የገቡት። ማድቤት እናሳድረው ብንል በሚያፈስ ጣራ ሥር ይጠፋብኛል ይላሉ፤ ዓይናቸው ካላየው አያምኑም። ለአንቺ እንዳልጽፍ ያስማሉኝም እሳቸው ናቸው፤ «ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች» ብለው። ከበንቲ አንድ ወረቀት ደርሶን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ምንም።

ከዚያ ጠዋት በኋላ አባባ ገዲሴን ቀና ብለው አያዩአትም። ማንደጃቸውን ይዘው ፍርስራሹ ማድቤት ገብተዋል። ጆንያ ለብሰው እዚያ ያድራሉ፤ ዝናቡ ከግራም ከቀኝም ይገባል። ሳሉ ብሶባቸዋል። እኛን አይሰሙም። ሞልቱ ግን እኔ ሳልነግረው ሰዒድ ዘንድ ሄዶ በርሜሉን አስቆርጦ መጣ።

ለእሳቸው አንድ ነገር ጻፊላቸው። ይህ ክረምት እንዲህ ከቀጠለ አይወጡትም።

ሙሉሰው

*

ድሬስደን
ነሐሴ 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእትዬ ሙሉሰው፣

ገዲሴን ሳሚልኝ። ጸሐይወርቅ ደብዳቤሽን ትናንት ሰጠችኝ። የመልስ መልእክቱን የእሷ ጓደኛ በአውሮፕላን ይዛው ስለምትመጣ ቶሎ ይደርሳል። ስለ በንቲ አሁን ምንም አልጽፍም። የሚከተለውን ለአባዬ አንብቢለት። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ በቀኝ ጆሮው በኩል ተቀመጪ።

«አባዬ፣ እኔ ልጅህ ደራርቱ ነኝ። በንቲ የት እንደሄደ አውቄያለሁ። ሙሉሰውን እንዳትቆጣት። ትምህርቴን ጥዬ አልመጣም፤ ስለዚህ የፈራኸው አልደረሰም።

እሳቱን አጥፋ አልልህም። እኔ የምኖርበት ቤት ያለው እሳት ከብረት በር ኋላ ነው የሚያድረው። ማታ እናዳፍነዋለን፣ ጠዋት አመዱን ስንገልጠው ፍሙ ቀይ ሆኖ ይጠብቀናል። ብረት እሳትን አይቀብርም። ክፉውን አየር ብቻ በቱቦው ያስወጣዋል። አንተ ማዳፈን ከማንም ይበልጥ ታውቃለህ፤ በርሜሉ ውስጥም እንደለመድከው አድርገው። በሩን በፈለግህ ሰዓት ከፍተህ እየው።

ማድቤቱ ውስጥ ዝናብ እየመታህ ብትሞት እሳቱን ማን ይጠብቀዋል? ሞልቱ ሥራ ይሄዳል። ሙሉሰው ልጅ አላት። በንቲ ሲመጣ በሩ ላይ የሚያገኘው አንተን መሆን አለበት። ወደ ቤት ግባ።»

እትዬ፣ ቱቦው በጣራው የሚያልፍበትን ቦታ በላሜራ አንገት አድርጉለትና ዙሪያውን ካትራሜ ቀቡት፤ አለዚያ ዝናቡ ቱቦውን ተከትሎ ይገባል። መጀመሪያ ስታነዱ ሻማ አስጠጉበት።

ደራርቱ

*

ላፍቶ
ኅዳር 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእህቴ ለደራርቱ፣

እነሆ ደስ የሚል ወሬ ይዤ በሰላም መጥቼልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ረጅም ነው።

ደብዳቤሽን ለአባባ ማድቤቱ ደጃፍ ጭቃው ላይ ቆሜ አነበብኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። «ይቺ ልጅ ጉልበተኛ ሆናለች» ብለው በትራቸውን አነሡና ወደ ቤት ገቡ። ሞልቱ ጣራው ላይ ወጥቶ መሮውን ቆርቆሮው ላይ ካሳረፈ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልመታውም። ከታች ሆኜ «ምነው?» አልኩት። «እየተሰናበትኩት ነው» አለኝ። ከዚያ መታው። ሰዒድ ራሱ መጥቶ ቱቦውን ገጠመ፤ ካትራሜውንም ቀባን። ሻማውን ያስጠጋችው ገዲሴ ናት። ነበልባሉ ሲሳብ አያቷ «ደግመሽ አሳዪኝ» አሏት፤ ከዚያን ጠዋት ወዲህ መጀመሪያ ያነጋገሯት ያን ቀን ነው። የነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜን በደረቅ ቤት አለፉ። ሳሉም ቀለል አላቸው።

አሁን ዋናው ነገር። በንቲ መጥቷል።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ልብስ አሰጣለሁ፤ ከሥላሴ መንገድ በኩል አንድ ሰው በክራንች እየተደገፈ ሲመጣ አየሁ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ሆስፒታል ብዙ ወር ተኝቶ ኖሯል፤ ሳይጽፍ የቀረው እግሩ ሲቆረጥ ምን ብዬ ልጻፍ ብሎ ነው። አባባ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። አዩት፤ እግሩንም አዩት።

«በላህ?» አሉት።

«አልበላሁም።»

«ሙሉሰው፣ ለልጁ ምግብ አምጪለት።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በንቲ ቁጭ ብሎ በላ። እኔም ወጥ ጨመርኩለት።

በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ዋልን። በሁለተኛው ቀን ጠብ ተጀመረ። በንቲ የነበረበት አገር ቆላ ነው፤ ደግሞም ውጭ ማደር ለምዷል። «ይሄ ቤት ምጣድ ነው» ብሎ በሩን ይከፍታል። አባባ ይዘጋሉ። እሱ ይከፍታል።

«ስንት ሆኜ ያሞቅሁትን ቤት ታስበርደዋለህ?»

«አባዬ፣ ላብ በላብ ሆንኩ እኮ!»

«ላብ ሰው አይገድልም! ዝጋ!»

ሞልቱና እኔ ማዶ ክፍል ሆነን አፋችንን ይዘን ሳቅን። በመጨረሻ በንቲ ጆንያ አንጥፎ በረንዳ ላይ መተኛት ጀመረ፤ አባባም ማታ ማታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጥተው አጠገቡ ይቀመጣሉ። እሳቱ በየትኛው ቀን እንደጠፋ ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም። አንድ ጠዋት ሹሮ ላሞቅበት ብዬ በሩን ስከፍት አመዱ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ለአባባ ነገርኳቸው። «እንግዲያ ከጎረቤት ለኩሺ» አሉኝ።

በንቲ ብዙ አያወራም። ስለዚያ ቦታ አንጠይቀውም። ስለ አንቺ ግን አንድ ነገር ጠይቆኛል፦ «መቼ ነው የምትመለሰው?» አላውቅም አልኩት። ደራርቱ፣ እኔ ስለ እሱ ስትጠይቂኝ ዘልዬ እንዳለፍኩ፣ አንቺም ይህን ስጠይቅሽ ዘለሽ አልፈሻል። ያኔ አልተቀየምሽኝም፤ እኔም አልቀየምሽም። ግን ለእሱ የምነግረው ቃል ስጪኝ።

ሙሉሰው

*

ድሬስደን
ታኅሣሥ 27 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእትዬ ሙሉሰው፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። በንቲን አቅፈሽ፣ አልፈልግም ቢልም አቅፈሽ ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽ ሲደርስ ምድር ቤት ነበርኩ፤ የዓመቱን ከሰል እየደረደርን። እዚያው ከሰሉ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ጸሐይወርቅ ማልቀሴን አይታ የሞተ ሰው አለ ብላ ደንግጣ ነበር።

የጠየቅሽኝን እነግርሻለሁ። ትምህርቱ ሰኔ ላይ ያልቃል። እዚሁ ያለ የፈትል ፋብሪካ ሁለት ዓመት እንድሠራ ጠየቀኝ፤ ከኤምባሲም ተፈቀደ። የፈረምኩት ባለፈው ጥር ነው፤ ስለ በንቲ ምንም ሳላውቅ። ከዚያ በኋላ የእሱን ነገር ስትጽፊልኝ መናገሩ ይበልጥ ከበደኝ። ባውቅ ኖሮ አልፈርምም ነበር ብዬ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን እውነት መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ሥራውን እወደዋለሁ።

ሐምሌ ላይ የአንድ ወር ፈቃድ አለኝ። አባዬን ቀስ ብለሽ አስረጂው፤ ለበንቲ ግን እንዳለ ንገሪው። ሳታለዝቢው፣ በእኔ ፋንታም ይቅርታ ሳትጠይቂ። ይቆጣል። መቆጣት ይገባዋል፤ ሐምሌ ላይ መጥቼ በረንዳው ላይ አጠገቡ ተቀምጬ፣ እስኪበቃው ድረስ እሰማዋለሁ።

ደራርቱ